«አእምሮው ታሟል» ተብሎ የተያዘ ሰው መቼ ይውጣ? ማንስ ይወስን?



ስለ ስኪዞፍሬኒያ በጻፍኩ ቁጥር ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። አንደኛው በኮሜንት ነው፤ «ዶክተር፣ ሰው ገድሎ አብጃለሁ ካለ በቃ በነፃ ይለቀቃል ማለት ነው?» የሚል። ሁለተኛው በውስጥ መስመር ነው የሚመጣው፤ ሰው በአደባባይ ሊጽፈው ስለማይደፍር። «ወንድሜ ታሞ ባደረገው ነገር ተይዞ ሆስፒታል ገባ። አሁን ተሽሎታል ይሉናል፣ ግን አይወጣም። ማንን እንጠይቅ?»

የመጀመሪያው ጠያቂ ቶሎ ይለቀቃል ብሎ ይፈራል፤ ሁለተኛዋ ደግሞ መቼም አይለቀቅም ብላ ትፈራለች። ዛሬ ለሁለቱም አንድ ላይ መልስ ልስጥ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የምጽፈው እንደ ሐኪም ነው። ግን ጉዳዩ ግማሹ የሕክምና ጉዳይ ነውና ዝም ማለት አልፈልግም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «በወንጀል ኃላፊ አይደለም» ማለት «አላደረገውም» ማለት አይደለም። አድርጎታል። ማንም አልካደም። የሚባለው ነገር ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት በሕመሙ ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ምንነትና ውጤት መረዳት አልቻለም፣ ወይም ቢረዳም በዚያ መሠረት ራሱን መግዛት አልቻለም ነው። የእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የሚለው ይህንኑ ነው። የአእምሮ ሕመም ስላለበት ብቻ ማንም ከኃላፊነት አያመልጥም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው አስቦና አቅዶ ቢሰርቅ እንደ ማንኛውም ሰው ይጠየቃል።

«ታዲያ ሰክሬ ነበር፣ ሐሺሽ ወስጄ ነበር የሚለውስ?» ለምትሉ፣ ወንጀል ለመሥራት ብሎ ሆን ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው በዚህ መከላከያ እንደማይጠቀም አንቀጽ 50 በግልጽ አስቀምጦታል። ደግሞም የሚወስነው እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ ያዛል (አንቀጽ 51)፤ እኛ የሕክምናውን ግኝት እንጽፋለን፣ ከዚያ የሚከተለውን የሕግ መደምደሚያ የሚሰጠው ዳኛው ነው። ሲኒማ ላይ እንደምናየው አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ገብቶ «አብዷል፣ ልቀቁት» የሚልበት ነገር የለም። በሽታ ለማስመሰል የሚሞክር ሰውም አለ፤ አይካድም። ግን ለሳምንታት ሌት ተቀን በነርሶች ዓይን ሥር ሆኖ ማስመሰል የምታስቡትን ያህል ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ወንጀለኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ቀኑን ያውቃል። 5 ዓመት ከተባለ 5 ዓመት ነው፤ ግድግዳ ላይ ጭረት እየጫረ ይቆጥራል። «ኃላፊ አይደለም» የተባለው ሰው ግን የሚቆጥረው ቀን የለውም። የሚወጣው ሲሻለው፣ ወይም አደገኛነቱ ሲቀንስ ነው። ተሻለው የሚለው ሰው ከሌለስ? ማንም ቀጠሮ ይዞ የሚያየው ካልሆነስ? ያኔ «በነፃ ተለቀቀ» የምትሉት ሰው ጥፋተኛ ቢባል ኖሮ ከሚታሰረው በላይ ሊቆይ ይችላል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 በዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሰው ከሱቅ ጃኬት ሊሰርቅ ሲል ተያዘ። የጥፋቱ ከፍተኛ ቅጣት 1 ዓመት እስራት ነበር። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ኃላፊ አይደለም ተብሎ ሴንት ኤልሳቤጥስ ሆስፒታል ገባ። ዲሲ የምትኖሩ ወገኖች ቦታውን ታውቁታላችሁ፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ነው። 1 ዓመቱ አለፈ። ሰውየው አልወጣም። ክርክሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነበት፤ ቆይታው ከቅጣቱ ርዝመት ጋር መገናኘት የለበትም፣ ምክንያቱም ቅጣት ሳይሆን ሕክምናና ጥበቃ ነው ተባለ። ለአንድ ጃኬት! ውሳኔው ሲሰጥ ሰውየው ገና ሆስፒታል ውስጥ ነበር።

በነገራችን ላይ ያው ሆስፒታል ፕሬዚዳንት ሬገንን እ.ኤ.አ. በ1981 ተኩሶ ያቆሰለው ጆን ሂንክሊም የቆየበት ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሆስፒታል ውጭ እንዲኖር ተፈቀደለት፤ ያለ ምንም ገደብ የተለቀቀው በ2022 ነው። 41 ዓመት መሆኑ ነው። «በነፃ አመለጠ» ለምትሉ ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

እኔ ግን ዛሬ በዋናነት ማውራት የምፈልገው ስለ ካናዳ ነው። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ሥርዓታቸው ከማውቃቸው ሁሉ በግልጽ የተጻፈ ነው። ሁለተኛ፣ የሚፈትነው ጉዳይም እዚያው ደርሶባቸዋል።

ቶሮንቶም ካልጋሪም ዊኒፔግም ያላችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ.) ከኤድመንተን ወደ ዊኒፔግ በሚሄድ የግሬይሀውንድ አውቶቡስ ላይ አንድ ተሳፋሪ አጠገቡ ተኝቶ የነበረ የ22 ዓመት ወጣት በቢላ ገደለ። ዝርዝሩን አልጽፈውም። ልጆችም ይህን ገጽ ያነባሉ፣ የሟቹ ቤተሰብም በሕይወት አለ። ገዳዩ ቪንስ ሊ ይባላል፤ ሕክምና ያላገኘ ስኪዞፍሬኒያ ነበረበት። የእግዚአብሔር ድምፅ የመሰለው ነገር «አጠገብህ ያለው ሰው አደገኛ ፍጡር ነው፣ ሊገድልህ ነው» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ፍርድ ቤቱ በወንጀል ኃላፊ አይደለም አለ። ዓቃቤ ሕጉም ተከላካዩም ያቀረቧቸው ሐኪሞች በሕመሙ ላይ ተስማምተው ነበር።

ከዚያ ሴልከርክ የሚባል የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ገባ። ልብ በሉ፣ አንድ ቀን በር ከፍተው አላስወጡትም። መጀመሪያ የተዘጋ ክፍል። ከዚያ በጠባቂ ታጅቦ በግቢው ውስጥ መራመድ። ከዚያ ታጅቦ ወደ ከተማ መውጣት። ከዚያ ብቻውን ለተወሰነ ሰዓት። ከዚያ ዊኒፔግ ውስጥ ክትትል ባለበት የጋራ መኖሪያ ቤት። ከዚያ መድኃኒቱን መውሰዱ እየታየ ለብቻው መኖር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ያለ ገደብ ተለቀቀ። ከድርጊቱ እስከ መጨረሻው ውሳኔ 8 ዓመት ከመንፈቅ ነው።

በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የወሰነው የግምገማ ቦርድ የሚባል አካል ነው። በካናዳ ሕግ በየክፍለ ሀገሩ አንድ አለ። ቢያንስ 5 አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው ዳኛ ወይም ለዳኝነት የሚበቃ ሰው ነው፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ የአእምሮ ሐኪም መሆን አለበት። የታካሚውን ጉዳይ በመደበኛው ሥርዓት ቢያንስ በየ12 ወሩ ያያሉ፤ ማንም አመለከተ አላመለከተ። ሦስት ምርጫ አላቸው፦ ሆስፒታል ይቆይ፣ በገደብ ይውጣ፣ ወይም ያለ ገደብ ይለቀቅ። ከሁሉ በፊት የሚመዝኑት የሕዝብ ደኅንነት እንደሆነ ሕጉ ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ «ለታካሚው ብቻ የቆመ» ይመስለው ነበርና።

ይህ ሥርዓት ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በካናዳ «በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም» የተባለ ሰው ወዲያውኑ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ ሳይታይ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ይታሰር ነበር። ያንን ያፈረሰው የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1983 ሰይጣን ሊወስዳቸው ነው ብሎ አምኖ፣ ሊያድናቸው መስሎት በሚስቱና በልጆቹ ላይ ጥቃት ፈጸመ። ታከመ፣ ተሻለው፣ በዋስ ወጥቶ መድኃኒቱን እየወሰደ ከቤቱ እየተመላለሰ ነበር። ከዚያ የፍርድ ሂደቱ ሲያልቅ «ታሞ ነበር፣ ጥፋተኛ አይደለም» ተባለና እንደ ሕጉ ተይዞ ገባ! ተሽሎት ውጭ እየኖረ ሳለ ታሰረ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ይህ አይሆንም አለ፤ ፓርላማው የለወጠው ሕግም በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት አንድ ደረጃ ጨመረበት፦ ቦርዱ ይህ ሰው ለሕዝብ ደኅንነት ጉልህ ስጋት መሆኑን ካላመነ መልቀቅ ግዴታው ነው። «አደገኛ አለመሆንህን አስረዳ» ብሎ ሸክሙን በታካሚው ላይ መጫን አይቻልም።

እስቲ አስቡት፣ እናንተ አደገኛ አለመሆናችሁን በምን ታስረዳላችሁ? ብትረጋጉ «መድኃኒት ስለወሰደ ነው» ይባላል፤ ብትቆጡ «ይኸው» ይባላል።

ከአውቶቡሱ ግድያና ከሌሎች ጥቂት ጉዳዮች በኋላ ሕዝቡ ተቆጣ። የሟቹ እናት ለዓመታት በአደባባይ ተከራከሩ። ልጃቸውን የገደለ ሰው እሳቸው በሚኖሩበት አገር ጎዳና ላይ እንደማንኛውም ሰው መሄዱ አልዋጥላቸው አለ። ማን ይፈርድባቸዋል? እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳ ፓርላማ ሕጉን አጠበቀው፦ «ከፍተኛ አደጋ ያለበት» ተብሎ በፍርድ ቤት የተመደበ ሰው ግምገማው እስከ 3 ዓመት ሊራዘም ይችላል፣ ከሆስፒታል የሚወጣበትም ዕድል በጣም ይጠብባል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሐሳብ ከብዙዎቻችሁ የሚለየው። 3 ዓመቱ ልክ አይደለም ባይ ነኝ።

ለምን? አደገኛነት እንደ ቁመት አይደለም፣ አንዴ ተለክቶ የሚያበቃ። እንደ ደም ግፊት ነው። የዛሬ 3 ዓመት የለካሁላችሁን የደም ግፊት ይዤ ዛሬ መድኃኒት ብጽፍላችሁ ታምኑኛላችሁ? ስኪዞፍሬኒያን የሚያክም መድኃኒት በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ነው ለውጡ መታየት የሚጀምረው፤ በወራት ውስጥ የመጀመሪያው መድኃኒት እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ እናውቃለን። ካልሠራ እንቀይራለን። ሁለት መድኃኒት ከከሸፈ ክሎዛፒን የሚባል አለ፣ ደሙ በየጊዜው እየተመረመረ የሚሰጥ። በ3 ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ወደ መጥፎም ሊለወጥ ይችላል፤ ይህንንም አትርሱ። የግምገማው ቀጠሮ የሚያስፈልገው ለመፍታት ብቻ መስሎ ከታያችሁ ተሳስታችኋል። ባለፈው ዓመት ታጅቦ ከተማ እንዲወጣ የተፈቀደለት ሰው መድኃኒቱን ምላሱ ሥር ደብቆ እየተፋ ከሆነ፣ ፈቃዱ መነሳት አለበት። ይህን የሚያየው ቀጠሮ ይዞ፣ ፋይል ዘርግቶ፣ ነርሷንም ሐኪሙንም ቤተሰቡንም የሚጠይቅ አካል ነው። ያልታየ ታካሚ ለእሱም ለጎረቤቱም አደጋ ነው።

ሌላው፣ የጥፋቱ አሰቃቂነት ስለ ነገው አደጋ የሚነግረን ነገር ከምናስበው ያነሰ ነው። ይህ ለመቀበል ይከብዳል፣ አውቃለሁ። በካናዳ 3 ትልልቅ ክፍለ ሀገሮች (ኩቤክ፣ ኦንታሪዮና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ) ኃላፊ አይደሉም የተባሉ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። በ3 ዓመት ውስጥ እንደገና በወንጀል የተገኙት ወደ 17 በመቶ ናቸው፤ ከባድ የኃይል ጥቃት የፈጸሙት ግን ከ1 በመቶ በታች። እንዲያውም መጀመሪያ ከባድ ጥቃት ፈጽመው የነበሩት ቀላል ጥፋት ከነበረባቸው ባነሰ ነው የደገሙት። ለምን ይሆን? ብዙዎቹ ያን ያደረጉት ሕመሙ ጫፍ ላይ በደረሰበት ሰዓት፣ ሕክምና ሳያገኙ ነው። ሕመሙ ሲታከም ምክንያቱ አብሮ ይሄዳል። ትንንሽ ስርቆት የሚደጋግመው ግን ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ሌላ ቤት አልባነት፣ ሱስ፣ ድህነት አለበት፤ እነዚህን ደግሞ መርፌ አያድናቸውም።

ስለዚህ «ያደረገው ነገር በጣም አሰቃቂ ስለሆነ 3 ዓመት አትዩት» የሚለው ሐሳብ ቁጣችንን ያስተነፍስ ይሆናል እንጂ ማንንም አይጠብቅም።

የሟች ቤተሰብስ? «በየዓመቱ ቀጠሮ ላይ እየተገኘን ቁስላችን እየተነካካ እንኑር ወይ?» የሚሉት ቤተሰቦች እውነት አላቸው። መፍትሔው ግን የታካሚውን ምርመራ ማዘግየት አይመስለኝም። ለቤተሰቡ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ መምጣት ካልፈለጉ በጽሑፍ የተናገሩት ቃል እንዲነበብላቸው ማድረግ፣ ሰውየው ወደ እነሱ አካባቢና ወደ እነሱ ሰው እንዳይደርስ ገደብ መጣል፣ ከእስር ሲወጣ በዜና ሳይሆን በአካል ሰው ልኮ መንገር። ከ2014ቱ ለውጥ ውስጥ ለተጎጂዎች የማሳወቅ መብትን ያሰፋውን ክፍል እኔም በሁለት እጄ እደግፋለሁ። ሐዘንተኛን በመንገድ ላይ ድንገት ከገዳዩ ጋር ማገናኘት ግፍ ነው።

አንድ የማይመቸኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያለ ገደብ መለቀቅ ማለት ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ውሰድ ብሎ የሚያስገድደው የለም ማለት ነው። እኔ በ2017 ያ ቦርድ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ሌላ ሁለትና ሦስት ዓመት በገደብ፣ በወር አንዴ መርፌውን እየወሰደ ይቆይ እል ነበር ብዬ አስባለሁ። ስኪዞፍሬኒያ ካገረሸባቸው ታካሚዎቼ አብዛኞቹ «ድኛለሁ» ብለው ያቆሙ ናቸው። ደኅና ሲሆኑ ነው የሚያቆሙት፣ ሲታመሙ አይደለም። ሆኖም እነዚያ ሰዎች ለ8 ዓመት በየዓመቱ ፋይሉን አይተዋል፤ እኔ ከሩቅ ጋዜጣ ነው ያነበብኩት። በየዓመቱ ያየው ሰው ተሳስቶም ቢሆን፣ ጨርሶ ካላየው ሰው ውሳኔ የእሱን አምናለሁ።

ወደ አገራችን እንምጣ።

የእኛ የወንጀል ሕግ መጥፎ አይደለም። ኃላፊ ያልሆነ ወይም በከፊል ብቻ ኃላፊ የሆነ ሰው አደገኛ ከሆነ ተስማሚ በሆነ ተቋም እንዲቆይ፣ አደገኛ ካልሆነ ሕክምና እንዲከታተል ፍርድ ቤት እንዲያዝ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ይናገራሉ። ለቆይታው ቁርጥ ያለ ጣሪያ የለም፤ ግን ምክንያቱ ሲያበቃ እርምጃው እንዲቀር፣ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን በየጊዜው እንዲያየው ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ካናዳም እኛም ሩቅ አይደለንም።

ልዩነቱ ፋይሉን ማን ያንቀሳቅሳል የሚለው ላይ ነው። ካናዳ ውስጥ ቀኑ ሲደርስ ቦርዱ ራሱ ይጠራል። እኛ ጋ አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። ሆስፒታሉ ለፍርድ ቤት ይጽፋል፣ ፍርድ ቤቱ ማረሚያ ቤቱን ይጠይቃል፣ ማረሚያ ቤቱ ፖሊስን፣ ፖሊስ ደግሞ ቤተሰቡን ያፈላልጋል። ከነዚህ አንዱ ጋ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ከተኛ ሰውየውም ይተኛል።

አንድ ታካሚ ነበረኝ (ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ቀይሬ ነው የምጽፈው)። ከሕመሙ አገግሞ፣ ዎርዱ ውስጥ ለሌሎች ታካሚዎች ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ጠዋት ጠዋት ግቢውን የሚጠርግ ሰው ነበር። ለመውጣት ብቁ ነው ብለን ጽፈናል። አንዴ አይደለም። ደብዳቤው ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ሲሄድ ዳኛው ተቀይረው ነበር፤ እንደገና ጀመርን። በመጨረሻ የሚፈታበት ቀን ሲደርስ የሚወስደው ቤተሰብ አልተገኘም። ወንድሙ ስልክ አንስቶ «ዶክተር፣ እኔ እወደዋለሁ፤ ሰፈሩ ግን አይቀበለውም፣ የሟች ወገኖች እዚያው ናቸው» አለኝ። ዋሸ ልለው አልችልም። አልጋው ላይ ሆኖ ውጭ እየጠበቀ ያለ ሌላ በሽተኛ ደግሞ ነበር።

ይህንን ስጽፍ የሥራ ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም። አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ የአገሪቱን የፍርድ ቤት ምርመራ በአብዛኛው የተሸከመውም እሱ ነው። የአእምሮ ስፔሻሊስቶች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እንደ ካናዳ በየክልሉ 5 ሰው ያለው ቦርድ ይቋቋም ብል ራሴም አላምንበትም፣ ቢያንስ ለአሁኑ። የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን ሲሰጥ በዚያው ወረቀት ላይ ቀጣዩን የግምገማ ቀን ይጻፍበት፤ ልክ እኛ በካርድ ላይ ቀጠሮ እንደምንጽፈው። ቀኑ ሲደርስ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታው የአንድ የታወቀ ሰው ይሁን። ታካሚው ጠበቃ ይኑረው፤ አደገኛ ነው እየተባለ የሚነገርለት ሰው ስለ ራሱ የሚናገርለት ከሌለው ግምገማው ግምገማ አይደለም። ከአንድ ዓመትም አይዘግይ። ይህ ተጨማሪ ሕንፃ አይጠይቅም። የቀን መቁጠሪያ ነው የሚጠይቀው።

መውጣትም በደረጃ ይሁን። ከተዘጋ በር በቀጥታ ወደ መነኸሪያ አይደለም። መጀመሪያ ለቀን፣ ከዚያ ለሳምንት መጨረሻ፣ ከዚያ በቅርብ ጤና ጣቢያ መርፌውን እየወሰደ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መድኃኒቱ በሚሄድበት ወረዳ መኖሩ ሳይረጋገጥ ሰው አይለቀቅ። ወር ሳይሞላው መድኃኒቱ ከፋርማሲ ከጠፋ የቦርድም የዳኛም ጥበብ ምንም አይፈይድም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ማንም የማይገመግመው ሌላ እስር አለ፦ ቤት ውስጥ። ጓሮ ባለች ክፍል በሰንሰለት የታሰረ ልጅ፣ ወንድም፣ አንዳንዴም እናት። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ፣ ደክሞት፣ አንድ ጊዜ ሰው መትቶበት ነው። ዳኛ አላዘዘም፣ ሐኪም አላየም፣ ቀጠሮ የለም። ጠበል የምትወስዱትን ውሰዱት፣ አልከለክልም፤ መድኃኒቱንም አታስቋርጡት። ሰንሰለቱን ግን ቢያንስ ለአንድ ሰው አሳዩ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ለጤና ጣቢያው። ብዙ ጊዜ በወር አንድ መርፌ የሚፈታው ነገር ለዓመታት በብረት ይያዛል።

በመጨረሻ በውስጥ መስመር ለጻፍሽልኝ እህቴና እንዳንቺ ላሉ። ወንድምሽ ሆስፒታል የገባው በየትኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሆነ የመዝገብ ቁጥሩን ያዢ፤ ያለ እሱ ማንም አያስተናግድሽም። ሐኪሙን «መቼ ይወጣል?» ብለሽ አትጠይቂው፤ እሱ አይወስንም። «ለፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ሪፖርት የተላከው መቼ ነው? ቀጣዩስ?» ብለሽ ጠይቂ። ካልተላከ እንዲላክ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂው እጅሽ ይቅር። ጠበቃ መክፈል ካልቻልሽ የተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤትን ወይም በዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ጠይቂ። ደግሞ ሄደሽ እዪው። ጠያቂ ያለው ታካሚ ፋይሉ ቶሎ ይገለጣል፤ መሆን የለበትም ግን እንደዚያ ነው። ሲወጣ የት እንደሚያድር፣ ማን መድኃኒቱን እንደሚያየው፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ለብቻ ማውራት ሲጀምር ማን ዘንድ እንደምትሮጡ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ዳኛውም የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ ቀስ በቀስ እመልሳለሁ። በኮሜንት ላይ ግን እባካችሁ የሰው ስም፣ የታካሚ ፎቶ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት አትለጥፉ፤ ካየሁ አጠፋዋለሁ።